ዘመድ የሌለው ዳኛ

ጅግጅጋ ያር፣ ሐርጌሳ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

አሰላሙ ዓለይኪ ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነሽ እታለም? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ብርዱ ሲገባ እንደሚብስብሽ ስለማውቅ ከሁሉ አስቀድሜ እሱን ነው የምጠይቅሽ። እማስ ደህና ናት? ልጆቹ፣ ከመስጊዱ በታች ያሉት ጎረቤቶቻችን፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ ጤና ነኝ። ፊቴ ከነፋሱ የተነሳ ጠቁሯል፤ ብታዪኝ መጀመሪያ የሲሚንቶውን አቧራ ካላራገፍሽ አታቅፊኝም። የናፍቆቴን ነገር አላነሳም፤ ካነሳሁት ወረቀቱ ለሌላ ነገር አይተርፍም።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ከጅግጅጋ የሚመጣው የጫት መኪና ሾፌር ኪሱ ውስጥ አጨማዶ ነው የሰጠኝ፤ ሆኖም አንድ ቃል አልጠፋብኝም። በተለይ ከስሯ ያሰመርሽባትን፣ «የልጅቷ ነገር ምን ደረሰ?» የምትለዋን አይቻታለሁ። እመልስልሻለሁ፤ ግን በራሴ መንገድ ነው። መጀመሪያ ስለ ኳስ ጨዋታ ላውራሽ። አሁን «ይሄ ልጅ ዛሬም ኳስ?» እያልሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ጥፋቱ ያንቺው ነው፤ በአሮጌ ካልሲ ጨርቅ ጠቅጥቀሽ ኳስ እየሰፋሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ።

ነገሩ እንዲገባሽ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። የልጅቷን፣ የሲራድን፣ አባት ቤት እንደገና የገነባሁት እኔ እንደሆንኩ ጽፌልሻለሁ። ጦርነቱ ያፈረሰው ቤት ነው። ቤተሰቡ በእኛው አገር፣ ጅግጅጋ አጠገብ በነበረው የስደተኞች ካምፕ ዓመታት ኖሮ ሲመለስ ያገኘው የድንጋይ ክምርና አንድ የቆመ የበር መቃን ብቻ ነበር። ሲራድ አማርኛ የምትችለው ከዚያ ነው። የካምፕና የገበያ አማርኛ ነው፤ ለብዙ ጊዜ እኔን «አንቺ» ትለኝ ነበር፤ ደስ ስላለኝ አላረምኳትም። አባቷን ሰው ሁሉ አዴር ጃማዕ ይላቸዋል። አዴር የአባት ወንድም ማለት ነው፤ እዚህ ሽማግሌ ሁሉ የሚጠራው በዚሁ ነው። ስለዚህ ከጠዋት እስከ ማታ አጎቴ፣ አጎቴ ስል እውላለሁ፤ ሥጋዬ የሆነ ሰው ግን በዚህ ከተማ አንድም የለኝም።

አሠሪዬ ፋራህ፣ ተቋራጩ፣ ሁለት የወሎ ነጋዴዎችን ይዞ ሽማግሌ ሆኖ ሄደልኝ። አዴር ጃማዕ በክብር ተቀብለዋቸዋል፤ ስለ እኔም ክፉ አልተናገሩም። ልጁ ሠራተኛ ነው፣ ሶላቱን አይተውም፣ የሠራው ግድግዳም ቀጥ ብሎ ቆሟል አሉ። ግን ዘመዱ ማነው? ልጃችንን በድሎ ቢሄድ የማንን ደጅ ነው የምናንኳኳው? እሱስ ቢበደል ማን መጥቶ ይከራከርለታል? ተማክረን እናሳውቃችኋለን ብለው ሸኟቸው። ፋራህ ይህን ሲነግረኝ ተናድጄ ነበር፤ በኋላ ሳስበው ግን ሰውዬው እውነታቸውን ነው። እዚህ ሁለት ሰዎች ሲተዋወቁ ብታዪ ትገረሚያለሽ። አንዱ የአባቱን፣ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን ስም እየጠራ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሌላውም እንዲሁ፤ የሆነ ስም ላይ ሲገናኙ ተሳስቀው ይጨባበጣሉ። እኔ ቅድመ አያቴ ጋ ስደርስ ያልቅብኛል። ሰዎቹም የቀረውን እንድቀጥል በትሕትና ይጠብቁኛል፤ የሚቀጥል ነገር የለም።

እንግዲህ መልሱን እየጠበቅኩ፣ ድንጋይ አስቀምጬ የት እንዳስቀመጥኩት እየጠፋኝ ሳለ ነው የጨዋታው ቀን የደረሰው።

የሰፈር ኳስ የሚጫወቱት ከተማውን ለሁለት በሚከፍለው ደረቅ ወንዝ ውስጥ ነው። ውሃ የሚወርድበት ዝናብ ሲጥል ብቻ ነው፤ ሌላ ጊዜ አሸዋ ነው። ሊግ የለው፣ ዋንጫ የለው፤ ያሸነፈው ሰፈር እስከሚቀጥለው ጨዋታ ድረስ ገበያ ውስጥ ደረቱን ነፍቶ ይዞራል፣ ሽልማቱ ይኸው ነው። የጎሉ ቋሚዎች ከፈረሱ ቤቶች የተነቀሉ የውሃ ቧንቧዎች ናቸው። አግዳሚ ስለሌላቸው ከፍ ብሎ የሄደ ኳስ ሁሉ ያጨቃጭቃል። የተቀናቃኙ ሰፈር የጋአን ሊባህ ልጆች ዘመዶቻቸው ከውጭ የላኩላቸው ማሊያ አላቸው። የእኛዎቹ የጅግጅጋ ያር ልጆች ግን ያገኙትን ይለብሱና ክንዳቸው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ያስራሉ። ጨርቁን ከሱቋ ቆርጣ የምትሰጣቸው ሲራድ ናት። የእኛዎቹ የምለው የተከራየሁት ክፍል እዚያ ስለሆነ ነው። ልንገርሽ፣ ከእኔ የባሰ ቲፎዞ የሰፈሩ ተወላጆች ውስጥም የለም። በማላውቀው ቋንቋ መጮህ የጀመርኩት እዚያ አሸዋ ላይ ነው፤ ከሶማልኛ መጀመሪያ የለመድኩት ለጋአን ሊባህ በረኛ የሚባለውን ስድብ ነው።

የአስር ሶላት እንዳበቃ ሄድኩ። ወንዶቹ በአንዱ ዳር፣ ጫታቸውን በጉንጫቸው ይዘው፣ የፈረሰ ቤት ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሴቶቹ በወዲያኛው ዳር ከፍ ብለው በጃንጥላ ሥር ናቸው። ሲራድ ከመሃላቸው እንዳለች አይቻለሁ፤ ግን ያላየሁ መስያለሁ። አዴር ጃማዕ ከሽማግሌዎቹ ጋር ከፊት ተቀምጠው ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመዋል። ሁሉም ተዘጋጅቷል፤ ጨዋታው ግን አይጀመርም። ምንድነው ብዬ ጠየቅኩ። ሁልጊዜ የሚያጫውተው መምህር ወደ በርበራ ስለሄደ ዳኛ ጠፍቷል አሉኝ። ይሄን ሁሉ ሰው ሰብስቦ እንዴት ዳኛ ይጠፋል? ታውቂኛለሽ፣ ያልገባኝን ነገር ሳላይ አልመለስም። ተጋፍቼ ወደ ፊት ሄድኩ።

ያየሁት ነገር ፍርድ ቤት ነው የሚመስለው። የሁለቱም ሰፈር ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው አንድ አንድ ሰው ያስቀርባሉ። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ቀረበ፤ አንዱ ሽማግሌ እናቱ ከእነዚያ ወገን ናት አለና ተመለሰ። አንድ ፖሊስ ቀረበ፤ የሚስቱ ወንድም የጋአን ሊባህ አጥቂ ነው ተባለ። የሚኒባስ ሾፌር ቀረበ፤ እሱ ደግሞ በአያቱ በኩል ከሁለቱም ይዛመዳል። እኔ በየዋህነቴ ከሁለቱም ከተዛመደማ ጥሩ አይደለም ወይ ብዬ አጠገቤ ያለውን ጠየቅኩት። በሁለት ወገን የሚወቀስ ሰው ምን በወጣው አለኝ። በዚህ መሃል ነው አንድ የጋአን ሊባህ ሽማግሌ፣ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ፣ ከዘራቸውን ወደ እኔ ቀስረው ያ ሐበሻ ግንበኛ ይምጣ ያሉት።

እኔ ቲፎዞ ነኝ አልኩ። በረኛችሁን ከዓመት በፊት ጀምሮ ስሰድብ የኖርኩ ነኝ፣ ጠይቁት አልኩ። ሳቁ። በረኛው ራሱ ከጎሉ ሆኖ እጁን አውለበለበልኝ። ባለ ሂና ጢሙ ሽማግሌ መጮህ ምንም አይደለም አሉ፤ ሰው ለፈለገው ይጮሃል፤ እኛን የሚያስቸግረን ዘመድ ነው። ከዚያ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ ጠየቁኝ፤ እዚህ ከተማ እናት አለህ? የለኝም። የአጎት ልጅ? የለኝም። ሚስት፣ አማት፣ በጋብቻ የምትዛመደው ሰው አለህ?

እታለም፣ ይቺን ጥያቄ እስቲ አስቢያት። አዴር ጃማዕ እዚያው ነበሩ፣ ከእኔ አንድ ክንድ ራቅ ብለው። ወደ ከዘራቸው ነበር የሚያዩት። የለኝም ብል ሽማግሌዎቼ የሄዱበትን ጉዳይ በራሴ አፍ በአደባባይ መዝጋቴ ነው፤ ዘመድ የለውም ያሉኝ ሰው ፊት አዎ ዘመድ የለኝም ማለቴ ነው። አለኝ፣ ወይም ይኖረኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ ብል ደግሞ ገና መልስ ያልሰጠን ቤት ስም በኳስ ሜዳ አነሳሁ፤ ልጅቷን በሰው ሁሉ ፊት አዋረድኳት። ከወዲያ ዳር ጃንጥላዎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ማንም የለኝም አልኩ።

ሁለቱም ሰፈር አጨበጨበ። የመምህሩን ፊሽካ አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ። አንዱን በር ያዘጋብኝ ነገር እኮ ነው ሌላውን የከፈተልኝ፤ ያን ጊዜ ግን አልታየኝም።

ስለ ጨዋታው ብዙ አላደክምሽም። ዳኛ ሆኖ ጨዋታ ማየት ቲፎዞ ሆኖ ከማየት ምን ያህል እንደሚለይ ግን አላውቅም ነበር። የእኛ ልጆች ቀድመው አገቡ፤ ሁለቱ እጆቼ ሳላስበው ወደ ላይ ተነሱ፤ መሃል ላይ ትዝ ሲለኝ ራሴን ያከክኩ መሰልኩ። ጋአን ሊባህ አቻ ሲያደርግ ደግሞ ፊቴን እንዳላጠቁር ስታገል ነበር። ከሁሉ ያስገረመኝ ተጫዋቾቹ ናቸው። በመምህሩ ላይ ሲጮሁ፣ ሲከቡት ነው የማውቃቸው፤ ለእኔ ግን ስነፋ ይቆማሉ። ለምን እንደሆነ በእረፍት የእኛን አምበል ጠየቅኩት። አንተን ብንሰድብ ማን መጥቶ ይጣላናል? ደስ አይልም አለኝ። እየቀለደ ይሁን የምሩን አሁንም አላውቅም።

አሁን ወደ ሂርሲ ልምጣ። ሂርሲ የሲራድ ታላቅ ወንድም ነው፣ የእኛ ተከላካይ፤ እግሩ ሥር የገባ ኳስ የማያመልጠው ዓይነት። ሽማግሌዎቼ ከሄዱ ወዲህ ሰላም አይለኝም ነበር፤ ፋራህ እንደነገረኝ ምክክሩ ላይ ከሁሉ በላይ የተቃወመው እሱ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ እኩል ለእኩል እንደሆኑ፣ በየቀኑ በዚያ ሰዓት የሚነሳው ነፋስ አሸዋውን ሽቅብ አነሳው። ሰው ሁሉ ፊቱን በሽርጡና በሻሹ ሸፈነ። እኔ ለኳሱ ቅርብ ስለነበርኩ በጣቶቼ መሃል አያለሁ። የጋአን ሊባህ አጥቂ መታ፤ በረኛችን ወድቋል፤ ኳሱ ወደ ባዶ ጎል እየሄደ ሂርሲ ክንዱን ዘርግቶ፣ አረንጓዴው ጨርቅ በታሰረበት ክንዱ፣ መልሶ አወጣው። የመታው ልጅ እንኳ ዓይኑን እያሸ ነበር። ማንም አላየም። ከዚያ ሂርሲ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተያየን።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ፊሽካውን ከአፌ አውጥቼው ነበር። ብተወው የሚጠይቀኝ አልነበረም። ሂርሲ ለእኔ ባለ ዕዳ ይሆን ነበር፤ ምናልባት ማታውኑ አባቱን ደህና ልጅ ነው ይላቸው ነበር። ሰፈሬም አይሸነፍም። ይሄን ሁሉ አሰብኩ፤ ሳስበው ግን የመጣብኝ የሲራድ ፊት አይደለም። የዚያ በረኛ እጅ ነው፣ በዓመት ሙሉ ስድቤ ፋንታ ያውለበለበልኝ። ነፋሁ። ሪጎሬ ሰጠሁ።

አቧራው ሲወርድ ሰዉ ምን እንደተፈጠረ አልገባውም። ሂርሲ ቀስ ብሎ መጣና ማንም አላየም አለኝ። አልጮኸም። እኔ አይቻለሁ አልኩት። ክንዱ ላይ ያለውን ጨርቅ እያጠበቀ ተመለሰ። ልጆቹ ሊከራከሩ ሲጀምሩ ወደ ቦታችሁ አላቸው። ጋአን ሊባህ አገቡት፤ ወዲያውም የመግሪብ አዛን ተሰማና ጨዋታው አበቃ።

አዛን ሲባል ሁሉም አሸዋው ላይ ይሰለፋል፣ ያሸነፈውም የተሸነፈውም ተቀላቅሎ። እኔም የተገኘው ሰልፍ ውስጥ ገባሁ። ቀና ስል ከቀኜ አዴር ጃማዕ ናቸው፤ ትከሻ ለትከሻ ነን። ሶላቱ ሲያልቅ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ሰላምታቸውን ሰጡ፤ ከዘራቸውን አነሱ፤ ለእኔ ምንም ሳይሉኝ ሄዱ። እኔ አሸዋው ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። በቃ፣ አለቀ ነው ያልኩት።

ከዚያ በኋላ ዝም ዝም ሆነ። አንድ ቀን ግን ፋራህ ወደ ሥራ ቦታ መጥቶ አንድ ያልገባኝ ነገር ነገረኝ። አዴር ጃማዕ እሱ ቤት ድረስ መጥተው አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁት፤ ግንበኛው ሪጎሬውን ሲሰጥ ኳሱን የነካው ልጄ መሆኑን አውቋል ወይስ በአቧራው ውስጥ ተሳስቷል? ፋራህ ከእኔ ሰምቶ ስለነበር አውቋል አላቸው። እሺ ብለው ሄዱ። ይህን ለምን እንደጠየቁ ፋራህና እኔ ስንገምት ዋልን፤ እሱ ተቀይመው ነው ይላል፣ እኔም እንደዚያው መሰለኝ።

በነጋታው ሲራድ በግንቡ በኩል አለፈች። ከእህቷ ጋር ነበረች፣ እህቷ ራቅ ብላ ቆመች። እውነት ኳሱ እጁን ነክቶታል? አለችኝ። ነክቶታል አልኳት። ምለህ ንገረኝ አለች። ወላሂ ነክቶታል አልኳት። እንግዲያው ምን ሆነሽ ታዝኛለሽ አለችኝና ሄደች። ተገናኝተን ስለማናወራ ተጨንቃ ነው መሰለኝ፣ ጭራሽ ትታው የነበረውን «አንቺ» መለሰችብኝ።

አሁን መጨረሻው ላይ ደርሻለሁ፣ ታገሽኝ።

የመልሱ ጨዋታ ቀን መምህሩ አሁንም አልተመለሰም። ሁለቱም ሰፈር ያለ ብዙ ንግግር የባለፈው ግንበኛ ያጫውተን አለ፤ ፊሽካውንም አጠለቁልኝ። እኔ ደስ አላለኝም፤ ግን እምቢ የምልበት ምክንያት ስላልነበረኝ ወደ መሃል መሄድ ጀመርኩ። ያን ጊዜ አዴር ጃማዕ ከድንጋያቸው ተነሱ። ሽማግሌ ኳስ ሜዳ ላይ ሲነሳ ሰው ሁሉ ጆሮውን ይሰጣል። ይሄ ሰው አይሆንም፣ ሌላ ፈልጉ አሉ።

ወደ ኋላ ዞር አልኩ። ባለ ሂና ጢሙ ሽማግሌ ምን አጠፋ? በእናንተ ላይ ስለፈረደ ነው? ብለው ጠየቁ። አዴር ጃማዕ አይደለም አሉ፤ ዘመድ ስላለው ነው። ሽማግሌው ባለፈው እኮ በአፉ ማንም የለኝም ብሎናል አሉ። ባለፈው አልነበረውም አሉ አዴር ጃማዕ። ከማን ወገን ነው ታዲያ? ሲባሉ የከዘራቸውን እጀታ አንስተው የራሳቸውን ደረት ሁለቴ መታ መታ አደረጉ።

በሴቶቹ ዳር እልልታ ተነሳ። እኔ እንደ ሞኝ ቆሜያለሁ። ሂርሲ መጣና ፊሽካውን በገዛ እጁ ከአንገቴ አወለቀ። ዳኝነትህን አላህ ያውቀዋል፣ ሂድ ተቀመጥ አለኝ፤ የት እንደምቀመጥም በአገጩ አሳየኝ፤ ከአባቱ ጎን ያለው ድንጋይ ባዶ ነበር። ሄጄ ተቀመጥኩ። አዴር ጃማዕ ወደ እኔ ሳይዞሩ ከሽርጣቸው አንድ የጫት ዘለላ አወጡና ጭኔ ላይ አኖሩት። ጫት እንደማልቅም ያውቃሉ። ይዤው ዋልኩ።

በመጨረሻ ዳኛ ያደረጉት አንድ ከየመን የመጣ ሰዓት ጠጋኝ ነው። ምስኪን፣ ማንም የለውም። ጨዋታው ሲሞቅ እኔም ከሰፈሬ ሰዎች ጋር እኩል ጮህኩበት፤ ሲዞር አይቶኝ ፈገግ አለ። ሲያልቅ ሻይ ጋበዝኩት።

ይኸው ለጠየቅሽኝ መልሻለሁ። አሁን ደግሞ እኔ የምጠይቅሽ አለኝ። አጎታችን የአያቶቻችንን ስም እስከየት ድረስ እንደሚያውቅ ጠይቂልኝ፤ ዘንድሮ ቆሎና ስንቅ አዘጋጅተሽለት ይዘሽው ነይ። አዴር ጃማዕ ተቀምጠው የሚሰሙት ሰው ይፈልጋሉ፣ እኔ ደግሞ ቶሎ ያልቅብኛል። መንገዱ ለጉልበትሽ ከባድ ነው፤ ከጅግጅጋ ወዲህ ሾፌሩ ከፊት እንዲያስቀምጥሽ አደርጋለሁ። እማን ጆሮዋ አጠገብ ሆነሽ ቀስ ብለሽ አንብቢላት፤ ኳሱን ዝለይላትና ከከዘራው ጀምሪላት።

አላህ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ እማን ያቆይልን። በዓይኔ እስካይሽ ድረስ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅሽ።

ፊሽካውን የተቀማው ታናሽ ወንድምሽ